ሰኞ ሰኞ የማትነሳው ኮሮላ

ባለኮሮላ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አውቶማቲክ ኮሮላ አለችኝ። በሥራ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። አርብ ማታ ካቆምኳት ግን ሰኞ ጠዋት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ! ባትሪው ከተገዛ ገና 3 ወሩ ነው። መካኒኩ "ባትሪው አይረባም፣ ሌላ ግዢ" ይላል። ዘበኛችን ሲገፋ ሲገፋ ወገቡ ተቆረጠ። ምን ላድርግ?

የድሮ ሹፌር፦ እህቴ፣ አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። ሰውዬውን አሳርፊው፣ በኬብል አስነሺ። ለማንኛውም ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አሳዪ። እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ከላላ ባትሪ አይሞላም።

የጋራዥ ልጅ፦ ዲናሞ ቢሆን ማክሰኞም ሐሙስም ታስቸግራት ነበር። ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኪ። ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው።

ባለኮሮላ፦ ለካሁ። አርብ ማታ 12.5፣ ሞተሩ እየሠራ 14.2። ሰኞ ጠዋት 11.9!

ባለ ላዳ፦ ጂፒኤስ ወይም አላርም አስገጥመሻል? እኔን 2 ወር ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ባለኮሮላ፦ ኧረ ምንም የለኝም።

የጋራዥ ልጅ፦ እንግዲህ ቆማ ሳለች ባትሪውን የሚመጥ ነገር አለ። ቁልፉን አውጪ፣ የጣሪያው መብራት መጥፋቱን እዪ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀይና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገሽ በሽቦውና በባትሪው ራስ መሃል አገናኚው። ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከ0.05 አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀይ። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ መስመር ላይ ነው ሌባው ያለው። ታዲያ ቴስተሩ እንደተያያዘ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሪ፣ ይቃጠላል።

ባለኮሮላ፦ ተገኘ! 0.43 ያሳይ ነበር። የውስጥ መብራቶቹን ፊውዝ ስነቅለው 0.02 ገባ። የጣሪያው ግን ጠፍቷል፤ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ስልኬን ቪዲዮ እያነሳ የኋላ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጬ ዘጋሁት። ከፍቼ ሳየው ቪዲዮው ላይ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል! ለካ የሻንጣው አምፖል ሲዘጋም አይጠፋም።

የጋራዥ ልጅ፦ በይ አስቢው፤ ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው። በ0.4 ሲባዛ 24 አምፔር ሰዓት። ያንቺ ባትሪ 45 ከሆነ ከግማሽ በላዩን በላው ማለት ነው። በሥራ ቀን የሚጎድለውን ዲናሞው መንገድ ላይ እየተካ ሸፈነልሽ። ማብሪያ ማጥፊያው እስኪቀየር አምፖሉን አውጪው። ባትሪውንም አንዴ በቻርጀር ሙሉ አስሞዪው፤ የከተማ አጭር መንገድ ብቻውን አይሞላውም።

ባለኮሮላ፦ አምፖሉ ወጥቶ ኪሴ ውስጥ ነው። ዘበኛችን ሰኞን እየጠበቀ ነው።