የጎረቤቴን ልጅ ሳላስመታት እንዴት ልርዳት?

ጅማ፣ ቆጪ ነው የምኖረው። ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ የተከራየ ቤተሰብ አለ። ልጃቸው 8 ዓመቷ ነው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

አባትየው ከመስከረም ጀምሮ ሥራ የለውም። ማታ ቅሞ፣ ጨብሶ ይመጣል። መጀመሪያ እናትየዋ ላይ ነው፣ ከዚያ ልጅቷ ላይ። ባለፈው ሳምንት በበርበሬ አጠናት። ጭሱ እኛ ቤት ገብቶ አስሳለን። እሷ ስትወጣ አላለቀሰችም። ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ታጥባለች፤ በሩ ሲንቋቋ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል። እኔን ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው።

እናትየዋን ቡና ጠርተን አዋራናት። «ሲናደድ ነው እንጂ ይወዳታል» አለች። የዕድራችንን ሽማግሌ ላክን። «ልጄን ብቀጣ ማን ያገባዋል?» ብሎ መለሳቸው። ማታውኑ ልጅቷ «ወሬ አወጣሽ» ተብላ ተገረፈች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዝር አትልም።

የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 576 አነበብኩ። ልጅን ማንገላታት ያስቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ ተብሎ የሚደረግ፣ ሕግ የማይጥስ ቅጣትን ግን አይነካም። በርበሬ ማጠን አስተዳደግ ነው እንዴ? በእጄ ያለው ማስረጃ ቀንና ሰዓት የጻፍኩበት ደብተር ብቻ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ባመለክትና መክረው ቢለቁት፣ ማታ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሆናችሁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ፦ ልጅቷ ያን ማታ እዚያው ቤት እንዳታድር፣ መጀመሪያ የማንን በር ላንኳኳ?