ጥቆማ፦ ክብደት እየቀነስን ልብሱን ምን እናድርገው? የት ይጠበባል፣ የት ይገዛል? (አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት እየቀነስኩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ሄጃለሁ፣ ወደ ሰባት ኪሎ ይቀረኛል። አሁን ያስቸገረኝ ቁም ሳጥኑ ነው። ሱሪዎቼ በቀበቶ ተሸብሽበው ነው የሚቆሙት፣ ሸሚዞቼ የታላቅ ወንድሜን የተዋስኩ አስመስለውኛል። ቢሮ ስገባ "ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሥራዬ ለገሃር፣ ቤቴ አራት ኪሎ። ሁሉንም ላስጠብበው? አዲስ ልግዛ? ወይስ እስክጨርስ ልታገሥ? ልብስ ሰፊም ገበያም ጠቁሙኝ። ብዙ ብር የለኝም።

የስፌት ቤት ልጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ስፌት ቤት ስላደግኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ገና ሰባት ኪሎ የሚቀርሽ ከሆነ ሁሉንም አታስጠብቢ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ነው፤ በዚህ ከሄድሽ ሁለት ወር፣ ሲዘገይ ሦስት ወር ተኩል ያህል ይቀርሻል። ዛሬ የከፈልሽበት ያኔ እንደገና ይሰፋሻል። ሁለቴ ተፈትቶ የተሰፋ ጨርቅ ላይ ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ አይጠፋም፣ በተለይ ሳቲንና ስስ ፖሊስተር ላይ።

ስለዚህ ለቢሮ የምትመላለሺባቸውን ሁለት ሱሪና አንድ ጉርድ ብቻ ለይ። እነሱንም ቢሆን አሁን አታስጠብቢያቸው፤ ከኋላ በኩል ወገቡ ውስጥ ላስቲክ አስገቢባቸው። ቀላል ሥራ ነው፣ የሰፈር ልብስ ሰፊ ቁጭ ብለሽ እየጠበቅሽ ይጨርስልሻል። ከላይ ሸሚዝ ወይም ሹራብ ስታወርጂበት አይታይም። ከቀነስሽ በኋላ ላስቲኩን አስወጥተሽ በደንብ ታስጠብቢያለሽ።

ማስጠበብ የሚያዋጣው የቱ ነው? ሱሪ ከኋላ መሀል ስፌቱ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠባል። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ እርስ በርስ ይጠጋጉና ያስቃል። ቀጥ ያለ ጉርድና ከጎን የሚጠብ ሸሚዝ ችግር የለባቸውም። የሚለጠጥ ጨርቅ (ቦዲ፣ ቲሸርት፣ ሹራብ ቀሚስ) ግን ኦቨርሎክ ማሽን (የጨርቁን ጠርዝ በክር እየጠቀለለ የሚሰፋው) ለሌለው ሰው አትስጪ፤ ስፌቱ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ትከሻው የወረደ ኮት ደግሞ አይሞከር።

ዋናው ነገር፦ ለልብስ ሰፊው "የተረፈውን ጨርቅ እንዳትቆርጠው፣ ወደ ውስጥ ይቅር" በይው። ስትሰጪው አንዴ፣ ስትለኪም አንዴ ድገሚለት። ብዙዎቹ ለስፌቱ ንጽሕና ብለው ይቆርጡታል። ከተቆረጠ በኋላ ኪሎው ቢመለስ ሱሪው አይመለስም። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሳታጥቢው አትስጪ፣ ጥጥ በውሃ ይሰበሰባል።

የት ለሚለው፦ ለላስቲክ፣ ለዚፕ፣ ለማሳጠር በረንዳ ላይ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠሩት ይበቃሉ። ስድስት ኪሎ በኩል ያሉት ተማሪ ስለሚበዛባቸው ጂንስ ማጥበብ ለምደዋል። ፒያሳ የነበሩት የድሮ ልብስ ሰፊዎች በእጅ ሥራ ይበልጧቸው ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ብዙዎቹ ተበትነዋል። የምታውቂው ካለ ስልኩን ይዘሽ የሄደበት ድረስ ተከተይው፣ ያዋጣል። መርካቶ ለክር፣ ለዚፕ፣ ለቁልፍና ለጨርቅ ጥሩ ነው፤ ለማስጠበብ ብቻ ግን ያን ሁሉ ትርምስ አልገባም። ቦሌ ያሉ ቡቲኮች ውድ ናቸው፣ ግን ከእነሱ ለገዛ ሰው በነፃ የሚያጠብቡ አሉ፤ ሳትከፍዪ ጠይቂ።

ዋጋ አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። የእኔ ልኬት ይህ ነው፦ ማስጠበቢያው ተመሳሳይ ልብስ ከሚገዛበት ሲሶውን ካለፈ ተዪው።

ሜክሲኮ ታክሲ ተራ፦
እስክትጨርሺ ድረስ ሳልባጅ ልበሺ፣ ምን ያስጨንቅሻል። ሜክሲኮም መገናኛም ማታ ማታ መንገድ ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። ሦስት ወር ለብሰሽው ለሌላ ትሰጪዋለሽ።

የስፌት ቤት ልጅ፦
እስማማለሁ፣ ግን ቁጥሩን አትመኚ። ሜትር ያዢ። ቤት ውስጥ ልክሽ የሆነውን ሱሪ አንጥፈሽ ወገቡንና ዳሌውን ለኪና ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ እዚያው ዘርግተሽ ታመሳክሪያለሽ። የቻይናው ላርጅ ለአውሮፓው ሚዲየምም ላይደርስ ይችላል። ብብቱን፣ ዚፑንና በእግሮቹ መሀል ያለውን ስፌት ብርሃን ላይ አይተሽ ግዢ። ማታ መግዛት የማልወደው ለዚህ ነው።

ስማቸው ይቅር (እናት)፦
ልጄ፣ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት እኮ ክልክል ነው። በኮንትሮባንድ የገባውን ከምትገዢ፣ አንዴ ሁለቴ ተለብሶ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስንት አለ። ልጆቼ ቴሌግራም ላይ ሴቶች እርስ በርስ የሚሸጡበት ቡድን አላቸው፣ ጂጂ ላይም ያያሉ። ብቻ ብር አስቀድመሽ በቴሌብር አትላኪ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኝተሽ፣ አይተሽ ክፈዪ።

ጠያቂ፦
እማዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስፌት ቤት ልጅ፣ አንቺማ ወርቅ ነሽ። የውስጥ ልብስስ?

የስፌት ቤት ልጅ፦
አዲስ መግዛት ያለብሽ እሱን ነው፣ ከሁሉም በፊት። ጡት መያዣ አይጠበብም፤ ልክ ያልሆነ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ ምንም ብትለብሺ አያምርም። ስትገዢ በመጨረሻው ማቆለፊያ፣ ማለትም በጣም ላላ ባለው ልክሽ የሚሆነውን ምረጪ። ስትቀንሺ ወደ ውስጠኛው እያሻገርሽ ታጠብቂዋለሽ። ሁለት ይበቃሻል።

ባለ ሱፉ፦
ወንዶችም አለን እንግዲህ። የአውሮፓ ቁጥር ያለው ኮት ላይ የተጻፈው የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፦ 54 ማለት 108 ሳንቲ ሜትር፣ 50 ማለት 100። አንድ ልክ፣ ማለትም ከ54 ወደ 52 ከሆነ ከጎንና ከጀርባ መሀል ይጠባል፣ ያምራልም። ሁለት ልክ ከወረዳችሁ ትከሻው ተፈትቶ እጅጌው እንደገና መተከል አለበት፤ ያን የሚችል ልብስ ሰፊ ጥቂት ነው፣ የሚያስከፍለውም ያንኑ ያህል። እኔ ሱሪውን አስጠብቤ ኮቱን ለወንድሜ ሰጠሁት። ለሥራ አንድ ጥቁር ሹራብና ሁለት ሸሚዝ ገዝቼ በእነሱ ከረምኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ጠያቂ፦
ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ። የሐበሻ ቀሚሴ ሁለት እኔን ይይዛል። ሽሮ ሜዳ ልሂድ?

ሽሮ ሜዳ የምትነግድ፦
ነይ እንጂ፣ ግን አሁን አትምጪ። ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነይ። ከጥምቀቱ ጋር ሲገጣጠም ሁሉም "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እያለ ስለሚመጣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ወረፋው አይቻልም።

ከሁለቱም ጎን እኩል እንዲጠብ በዪ። ከአንድ ጎን ብቻ ከተያዘ የፊቱ ጥበብ ወደዚያ ይሳባል፣ መስቀሉ ከመሀል ይወጣል፣ ፎቶ ላይ ያስታውቃል። የሸማኔ ጨርቅ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይተውና ጠርዙ ኦቨርሎክ ይደረግ። ጥልፍ ያለበትን እጅጌ አታስነኪ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ገበያዬን ባጣም፦ የወገቡ ትርፍ ብዙ ካልሆነ በጥሩ መቀነት አጥብቀሽ ታጠቂው፤ ነጠላ ሲደረብበት ማን ያያል? መቀነቱ ከቀሚሱ ጥበብ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን። አዲስ ማሠራት ካማረሽ ክብደቱ ረግቶ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ አሠሪ። በሁዳዴ 55 ቀን ቀንሰው መጥተው የሚለኩ፣ ከፋሲካ በኋላ "ጠበበኝ" ብለው የሚመለሱ ደንበኞች አሉኝ። በግና ዶሮው ማንንም አይምርም።

ሜክሲኮ ታክሲ ተራ፦
የሰፉትንስ የት ታደርጊያቸዋለሽ? ለልዋጭ አትስጪ፣ ሙሉ ሱፍ በአንድ የፕላስቲክ ባልዲ ይወስዱብሻል።

ስማቸው ይቅር (እናት)፦
መቄዶንያ ልብስ ይቀበላል። ታጥቦና ተተኩሶ ይሂድ፣ ቁልፉ የተበጠሰ አይላክ። ሁሉንም ግን አትስጪ ልጄ፤ አንድ ሁለቱን ደህና ሱሪ አስቀሪ፣ ነገ ትወልጃለሽ።

ጠያቂ፦
እማዬ! 😂 እሺ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቀለበቴም እየወለቀ ነው።

ባለ ሱፉ፦
ወርቅ ቤት ያጠቡልሻል፣ ግን እሱንም ክብደትሽ ሲረጋ አድርጊው፤ በተቆረጠና በተበየደ ቁጥር ቀለበቱ ይጎዳል። ፈርጥ ዙሪያውን የተደረደረበት ከሆነ ለማጥበብ ስለሚያስቸግር አስቀድመሽ ጠይቂ። ስትሰጪ እዚያው ይመዘንልሽ፣ ስትቀበዪም እንደዚያው። እስከዚያ በአንገት ሐብል አድርጊው። ጠዋት በብርድ ጣት ይቀጥናል፤ የኔ ሚስት ቀለበቷን የጣለችው ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ነው።