በተዳፋት ግቢ ላይ የጤና ጣቢያ ማስፋፊያ፦ ሙሌት ይሻላል ወይስ ዝቅ ያለ ወለል?

ጥያቄ
ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ወደ ግንፍሌ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ግቢ ውስጥ ለሚገኝ ጤና ጣቢያ የማስፋፊያ ሕንፃ የሳይት ዲዛይን እየሠራሁ ነው። አዲሱ ሕንፃ የሚያርፈው ከነባሩ በታች፣ አሁን ሣር በለበሰው ቦታ ላይ ነው። አርክቴክቱ የሁለቱ ሕንፃዎች ወለል እኩል እንዲሆን ስለፈለጉ፣ በታችኛው ጥግ 3 ሜትር የሚደርስ የአፈር ሙሌት ያስፈልጋል። እኔ ወለሉ 1.5 ሜትር ዝቅ ቢል እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ሕሙማን በአልጋና በዊልቸር መመላለሳቸው ያሳስበኛል። የነባሩን ጣሪያ ውሃ የሚያወጣው ቱቦም በአዲሱ ሕንፃ ሥር ያልፋል። እናንተ ከየት ትጀምሩ ነበር?

መልስ 1
ከውሃው ይጀምሩ። ሣር ከሚወርድበት ዝናብ 30 በመቶ ያህሉን፣ ጣሪያና ንጣፍ ደግሞ 90 በመቶውን ወደ ቦይ ይለቃሉ ብለን ብንወስድ፣ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ከ1,000 ካሬ ሜትር የሚወጣው ውሃ በሰከንድ ከ8 ሊትር ወደ 25 ሊትር ያድጋል። የ15 ደቂቃውን ጭማሪ አቁሮ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ 15 ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ጉድጓድ በግቢው ታችኛው ክፍል ቢያስቀምጡ፣ ከወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በክረምት የእኛን ጎርፍ አይቀበሉም። ቱቦውን ግን ቁፋሮ ሳይጀመር በሕንፃው ዙሪያ ያዙሩት፤ ከወለል ሥር የሚያፈስ ቱቦ ለጥገና አይደረስበትም፣ የመሠረቱንም አፈር ያለሰልሳል።

መልስ 2
የ1.5 ሜትሩን ሐሳብ አልደግፈውም። በ1 ለ12 ተዳፋት (በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ እያለ) የሚሠራ ራምፕ ማረፊያውን ሳይጨምር 18 ሜትር ይፈልጋል፤ ሕመምተኛ በአልጋ የሚገፋ ሰው ይህን በቀን ደጋግሞ ሊወጣው አይገባም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አስገድዶ ነበር። ይልቁንስ ወለሉን አንድ ሙሉ ፎቅ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል፣ ለምን አያወርዱትም? ያን ጊዜ የአዲሱ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ከነባሩ ምድር ወለል ጋር እኩል ይሆንና በደልዳላ ኮሪደር ይገናኛሉ፤ የታችኛው ወለል ከታችኛው መንገድ በኩል የራሱ መግቢያ ይኖረዋል፤ ሙሌቱም አያስፈልግም።

መልስ 3
መልስ 2 ያቀረበው ሐሳብ ትክክለኛ ነው፤ አደጋው ግን በላይኛው በኩል ነው፤ ቁፋሮው ወደ ነባሩ መሠረት ይጠጋልና። ከነባሩ መሠረት ግርጌ በ45 ዲግሪ ወደ ታች ከሚሰመረው መስመር ውጭ መቆየት ያስፈልጋል። ነባሩ መሠረት 1.5 ሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 4.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢያርፉ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሜትር ርቀት ይተዉ፤ አፈሩ ልል ከሆነም ይበልጥ ይራቁ። ኮሪደሩን ከሁለቱም ጋር በጥብቅ አያያይዙት፤ ነባሩ ሕንፃ መሬቱን ይዞ ረግቷል፣ አዲሱ ግን ገና ይሰምጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ መሰማቱንም አንርሳ፤ ሁለት የተለያየ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ሲወዛወዙ እንዳይጋጩ ክፍተት ግድ ነው። ከተዳፋቱ የሚሰርገው ውሃ እንዲወጣም፣ ከአዲሱ ሕንፃ የላይኛው ግድግዳ ጀርባ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይግባ።

የጠያቂው ምላሽ
ከልብ አመሰግናለሁ። የአንድ ፎቁን አማራጭ ከነኮሪደሩ በቁርጥ ስዕል (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ) አዘጋጅቼ ለአርክቴክቱ አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን የነባሩ መሠረት ትክክለኛ ጥልቀት እንዲታወቅ በሁለት ጥጎች የሙከራ ጉድጓድ እንዲቆፈር እጠይቃለሁ።