የካልሲዋ ቀጭኔ በሕግ የተጠበቀ ሰዓት ያስፈልጋታል ወይ?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ አዲስ አበባ

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደሩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአገር ውስጥ ለሚሠሩ የልጆች ዝግጅቶች ቋሚ ሰዓት እንዲሰጡ በሕግ ይገደዱ ወይስ ነገሩ ለፈቃዳቸው ይተው? እኔ «ይገደዱ» ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምስክሬም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ራሷ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከክፍሏ ልጆች ይልቅ ብዙዎችን ለመድረስ ስትል እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይም ከካልሲ ተሠርታ በዚያ ቤት ተወለደች። ዝግጅቱ በ2008 የጃፓን ሽልማትን ማግኘቱ፣ ብሩክታዊትም በ2010 በሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ መሆኗ ያስደስታል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የካልሲው ነገር ነው። በቅርቡ አንዲት የክፍሌ ልጅ ጓዱ የጠፋበት የአባቷን ካልሲ ይዛ መጣች። በእጇ አጥልቃ፣ አውራ ጣቷን የታችኛው ከንፈር አድርጋ፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ለጓደኞቿ ታስተምር ጀመር፤ ካልሲው እንዳይረጥብባት ስለ ፈራች ትምህርቱ በሙሉ የተሰጠው ያለ ውኃ ነበር። በኮምፒውተር የተሳለ ገጸ ባሕርይ ልጅን ያስቃል፤ ልጅ ግን ቤት ገብታ ልትሠራው አትችልም።

የሦስት ልጆች አባት፣ አዳማ

እኅታችን ያነሱት ትዝታ የእኔም ትዝታ ነው፤ ያቺን ቀጭኔ ከታናሽ እኅቴ ጋር እየተሻማሁ አይቻታለሁ። ሆኖም የእኛን ናፍቆት በልጆቻችን ላይ በአዋጅ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ሰዓቱ በግዴታ ሲመደብ በምን እንደሚሞላ እናውቃለንና፤ ዐሥር ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፣ አንድ ትልቅ ሰው ማይክሮፎን ይዞ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ይላቸዋል፣ ሁሉም «ዶክተር» ይላሉ፣ ሰዓቱም ያልቃል። «ፀሐይ» መልካም የሆነችው ሠሪዎቿ ወድደው ስለ ሠሯት ነው እንጂ ሕግ ስላዘዘ አይደለም።

በቴሌቪዥን ዝግጅት የሚሠራ

ወጪውን ላንሣ። የውጭ ካርቱን ገዝቶ በአማርኛ ድምፅ መቅዳት የሚጠይቀው የስርጭት መብት፣ ተርጓሚና ጥቂት ድምፅ ሰጪዎችን ነው። የአሻንጉሊት ድራማ ግን ደራሲ፣ አሻንጉሊት ሠሪ፣ ክንዱ እስኪዝል ከጠረጴዛ በታች ተንበርክኮ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ዘፈን፣ መብራትና ዕቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ግዴታ ከሌለ ጣቢያው ርካሹን ይመርጣል፤ ግዴታ ኖሮ በጀት ከሌለ ደግሞ ወንድማችን የገለጹት አግዳሚ ወንበር ይመጣል።

እናት፣ ከሜሪላንድ

በድምፅ ቅጂና ከመጀመሪያው በአማርኛ በታሰበ ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት የምናየው በውጭ የምንኖር ወላጆች ሳንሆን አንቀርም። በቅጂው ዐረፍተ ነገሩ የባዕዱን አፍ መክፈቻና መዝጊያ እየጠበቀ ስለሚሄድ ቤት ውስጥ ማንም እንደዚያ አያወራም። ልጄ እኔን «አንቺ»፣ እናቴን «እርስዎ» ማለትን ከእኔ ቁጣ ይልቅ ከቀጭኔዋ ቤተሰብ ቶሎ ተማረ። አያቱ በስልክ ይህን የሰሙ ዕለት ጆሯቸውን አላመኑም።

የሦስት ልጆች አባት

እመቤቴ፣ ልጅዎ ያየው በኢንተርኔት ነው፤ ይህ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። መልካም ሥራ የጣቢያ ሰዓት ሳይጠብቅ ተመልካቹን ያገኛል።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

ያገኛል፣ ኢንተርኔት ያለውን። የክፍሌ ልጆች እናቶች የስልክ ጥቅል የሚገዙት ለልጅ ካርቱን አይደለም፤ ቴሌቪዥን ግን የጎረቤትም ቢሆን አለ። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት ልጆችን ያስተማሩት ሰዓታቸው ስለሚታወቅ ነበር፤ ልጆች ሰዓቱን ጠብቀው ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ይሮጡ ነበር፣ ከበር ላይም ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። በበጀቱ ነገር ግን ተረትቻለሁ፤ ጥያቄዬን አስተካክላለሁ። ሕጉ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የማዘጋጃ ገንዘቡንም አብሮ ይወስን፣ አዲስ ሥራ በማይኖርበት ሳምንትም የቀድሞዎቹ ይደገሙ። የአራት ዓመት ልጅ አንዱን ክፍል ሃያ ጊዜ ብታይ አትሰለችም።

የሦስት ልጆች አባት

ገንዘቡን ለየትኛው ሠሪ እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ እንደ እርስዎ ያለ መምህር ይቀመጣል ወይስ የጣቢያው ኃላፊ ብቻ? ይህን ይመልሱልኝና ድምፄን አስብበታለሁ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

መምህር ይቀመጥ። እኔ ከሆንኩም ያቺን ባለ ካልሲ ልጅ ይዣት እመጣለሁ።