አስተዳዳሪው ጽሑፌን ማጥፋቱ መብቴን መጣስ አይደለምን?

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ የምንመላለስ ተሳፋሪዎች ባለን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ፣ ከታሪፍ በላይ ስለሚያስከፍሉ ረዳቶች የጻፍሁትን አስተያየት አስተዳዳሪው ያለ አንዳች ማብራሪያ አጥፍቶ ከቡድኑ አስወጣኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት እያረጋገጠልኝ፣ አንድ ግለሰብ ይህን ማድረግ ይችላልን?

መልስ 1፦ አንቀጽ 13ንም አብረው ያንብቡት። መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በስም ጠቅሶ የጣለው በየደረጃው ባሉ የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ላይ ነው፤ የቡድን አስተዳዳሪ ደግሞ ከሦስቱም አይደለም። አቤቱታዎን ለከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቢያቀርቡና ቢታፈኑ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

መልስ 2፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ማንኛውም ዜጋና ማኅበር ጭምር ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህ ብቻውን አስተዳዳሪውን ፍርድ ቤት ያቆመዋል ባልልም፣ ሰውን ያለ ምክንያት ማባረር (በእድራችን እንኳ ሳይጠየቅ የሚሰናበት አባል የለም) ነውር ነው።

መልስ 3፦ ጽሑፉን ከመጥፋቱ በፊት አንብቤዋለሁ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የረዳቱ ስልክ ተጽፎበት ነበር። ቁጥሮቹን አውጥተው መልሰው ይላኩት፤ አስተዳዳሪውም ደንቡን ከላይ ይለጥፍልን።