አዲስ ሞኒተር ሲሞቅ ይጨልማል፣ ሱቁ ደግሞ «መብራት ነው የመታው» ይላል

ጥቁር_ስክሪን

ሰላም ለሁላችሁ። 24 ኢንች አይፒኤስ ፉል ኤችዲ ሞኒተር አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ከገዛሁ ሁለት ሳምንት አልሞላኝም። ሲከፈት ጤነኛ ነው። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ከሠራ በኋላ ስክሪኑ ድንገት ይጨልማል። ከታች ያለችው ሰማያዊ መብራት ግን እንደበራች ናት፣ ዘፈን ከፍቼ ከሆነም መዝፈኑን ይቀጥላል። አጥፍቼ ሳበራው ምስሉ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ካሳረፍኩት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል።

ሱቁ መጀመሪያ «የኮምፒውተርህ ሶፍትዌር ነው» አለ። በሌላ ላፕቶፕ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ቀጥሎ «መብራት ሄዶ ሲመጣ መትቶታል፣ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለ። አሁን «አምጣው፣ ቴክኒሺያናችን ከፍቶ ይየው» ላይ ደርሰናል። የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ካርድ አለኝ። ደረሰኙ የተቆረጠው ግን ከከፈልኩት ባነሰ ዋጋ ነው። ሙሉውን ያስተላለፍኩት በባንክ ነው።

ላስከፍተው? ቅያሬ ልጠይቅ ወይስ ገንዘቤን?

---

ሶልደር_90

አታስከፍተው። አንዴ ከተከፈተ ክርክሩ «ምን ሆነ» መሆኑ ይቀርና «ማን ነካካው» ይሆናል። ደግሞም የባክላይት (ስክሪኑን ከጀርባ የሚያበራው ብርሃን) ጥገና ማለት ፓነሉን ከነንብርብሩ መፍታት ነው። በጥንቃቄ ካልተሠራ በብርሃን አሠራጪ ፕላስቲኮቹ መሃል አቧራ ይገባል፣ ከፓነሉ ጠርዝ የሚወጡት ቀጫጭን ሪባኖች ከተነኩ ደግሞ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ መስመር ትወርሳለህ። የሁለት ሳምንት ዕቃ ላይ ይህን መቀበል የለብህም።

ምልክቱ ከላይ እስከ ታች የባክላይት ነው። ኤልሲዲ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚያበራለት የኤልኢዲ መስመር ነው። ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዷ ብየዳ ደካማ ከሆነ ሲሞቅ ይለቅና መስመሩ ይቋረጣል። ለኤልኢዲዎቹ ኃይል የሚሰጠው ድራይቨር መቋረጡን ሲያይ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። አጥፍተህ ስታበራ እንደገና ይሞክራል፤ ያቺ ብልጭታ ይህቺ ናት። ዋናው ቦርድ ሥራውን ስለማያቆም ሰማያዊዋ መብራት አትነቃነቅም። ሲግናል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ወይ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጽፍልህ ነበር፣ ወይ መብራቷ ቀለም ትቀይር ወይም ብልጭ ድርግም ትል ነበር።

እንዲህ አድርገህ አረጋግጥ። ነጭ ገጽ ላይ ትልልቅ ጥቁር ፊደል ያለበት ዶክመንት ከፍተህ ጠብቅ። ሲጨልም የክፍሉን መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠግተህ አጋድመህ ያዘው። ፊደሎቹ እንደ ጥላ ደብዝዘው ከታዩህ ፓነሉም ቦርዱም ደህና ናቸው፣ የሞተው ብርሃኑ ብቻ ነው። ካልታዩህ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ቁልፍ ተጭነህ ድገመው። አሁንም ምንም ከሌለ ነገሩ ወደ ቦርድ ወይም ወደ ኃይል ያዘነብላል።

ቀጥሎ ብራይትነሱን ከ100 ወደ 20 አውርደህ የሚቆይበትን ጊዜ አወዳድር። በ20 በጣም ከቆየ ሙቀትና ከረንት ተጠያቂ ናቸው ማለት ነው። ይህ ግን አዳፕተሩንም ስለሚያስጠረጥር እሱን ለብቻው አጣራ። ጀርባው ላይ 19 ቮልት ከተባለ በመልቲሜትር ወደዚያው ማሳየት አለበት። ችግሩ ጭነት ሳይኖርበት 19 አሳይቶ ሲጫን የሚወርድ አዳፕተር መኖሩ ነው፣ ስለዚህ ልኬት ብቻ አያሳምነኝም። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ጫፉና ፖላሪቲው የሚገጥም ሌላ አዳፕተር ተውሰህ ሞክር። ጫፉ ገባ ማለት ፖላሪቲው ገጠመ ማለት አይደለም፣ አዳፕተሩ ላይ ያለውን የ+ እና የ− ሥዕል አንብብ። አዳፕተር ሲደክም ብዙውን ጊዜ የፊቷ መብራትም አብራ ትጠፋለች ወይም የብራንዱ አርማ እየደጋገመ ይመጣል፤ አንተ ጋ ግን እንደዚያ አይደለም።

አንዳንድ ሞኒተሮች ሜኑ ውስጥ በራሱ የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ አለ። የሚቆጥረው በሰዓታት ቢሆንም ሱቁ ሰበብ እንዳያደርገው አጥፋው።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

ቀኑን ቁጠር፣ ዛሬውኑ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ሱቁ ከሰጠህ ካርድ ጋር አይምታታብህ፤ ካርዱ ተጨማሪ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አዋጅ አይሽርም። ሱቁ «ነገ ና፣ ሰኞ ና» እያለ የሚያመላልስህ 15ቱ ቀን እንዲያልቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄህ በጽሑፍ ይሁን።

ቀኑ ቢያልፍም በሩ ጨርሶ አይዘጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ግን ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፣ ክሱም ካስታወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በቃል የተነገረ ማስታወቂያ ደግሞ ሲካድ ማስረጃ የለውም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ……… (ደረሰኙ ላይ እንዳለው ስም)
ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ሞኒተር እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ
በ……… ቀን በደረሰኝ ቁጥር ……… ከድርጅትዎ የገዛሁት፣ ሞዴሉ ………፣ ሲሪያል ቁጥሩ ……… የሆነ ሞኒተር ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይጨልማል። በሌላ ኮምፒውተርም ተሞክሮ ጉድለቱ ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አዲስ በሆነ ተመሳሳይ ሞዴል እንዲቀየርልኝ፣ ይህ ካልተቻለ የከፈልኩት ብር ……… እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙልህ። አንፈርምም ካሉ ከፖስታ ቤት በሬኮማንዴ ላክና የፖስታውን ደረሰኝ ያዝ። ከዚያም እምቢ ካሉ ደብዳቤውን፣ ደረሰኙን፣ የዋስትና ካርዱን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና ቪዲዮውን አያይዘህ ሱቁ ባለበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገባ። የሱቁን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ደረሰኙ አናት ላይ ታገኘዋለህ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሙቀት ላይ ስለሚነጣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው፣ ኮፒም አድርገው።

ቅያሬ ወይስ ገንዘብ? ባንተ ሁኔታ ቅያሬ። ተመላሽ ካልክ «ደረሰኙ ላይ ያለውን ውሰድ» ይሉሃል፤ ልዩነቱን በባንክ ማስተላለፊያው ልታስረዳ ትችላለህ፣ ግን ሌላ ክርክር ከፈትክ ማለት ነው። ቅያሬ ላይ የዋጋ ጥያቄ አይነሳም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፤ የመለሱልህ ብር ያንኑ ሞኒተር ላይገዛልህ ይችላል።

አሳንሶ ደረሰኝ መቁረጥ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ያስቀጣል። ይህን ግን ባለሱቁን ማስፈራሪያ አታድርገው። ከተጠየቅህ እውነቱን ተናገር፣ ቅያሬህን ግን በጉድለቱ ብቻ ጠይቅ።

---

ጥቁር_ስክሪን

እግዚአብሔር ይስጥልን። በስልክ ባትሪ ሳየው ጽሑፉ ደብዝዞ ይታያል! ብራይትነስ 20 ላይ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ቆየ። የተዋስኩት አዳፕተርም ለውጥ አላመጣም። ሱቅ ስደውል «እኛ ጋ ተወው፣ ወደ ዱባይ ልከን እናስቀይራለን» አሉ። ምን ያህል እንደሚፈጅ አይናገሩም።

---

ከባንኮኒው_ጀርባ

«ዱባይ ልከን» ማለት ብዙውን ጊዜ ዕቃው በአገር ውስጥ ወኪል በኩል አልገባም ማለት ነው። የአምራች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ለተሸጠበት ክልል ስለሆነ ሲሪያል ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ለየት አገር እንደተላከና ዋስትናው መቼ እንደጀመረ እይ። ዋስትናው ከገዛህበት ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ከጀመረ የታደሰ ዕቃ እንደ አዲስ ተሸጦልህ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው፣ የሞኒተሩ ጀርባ ላይ ያለውና ሜኑ ውስጥ «መረጃ» በሚለው ቦታ የሚታየው ሲሪያል አንድ መሆን አለባቸው። የፍሬሙን ጠርዝ በጥፍርህ ዳብሰው፤ የመፈልቀቂያ ጭረት ወይም አንድ ቦታ ላይ ክፍተት ካለ ካንተ በፊት ተከፍቷል። ለማንኛውም ዱባይ የሱቁና የአስመጪው ጉዳይ ነው፤ አንተ የገዛኸው ከሱቁ ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄድ ያለው ወጥመድ ይህ ነው፦ መንገድ ላይ ይበርዳል፣ ባንኮኒው ላይ ሁለት ደቂቃ ይሠራል፣ «ይኸው ደህና ነው» ተብለህ ትመለሳለህ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት ሂድ። በነሱ ኮምፒውተር፣ በነሱ ኬብል፣ በነሱ ሶኬት ይሰካ። ብራይትነስ 100፣ ስክሪኑ ሙሉ ነጭ፣ ስክሪን ሴቨሩም የኮምፒውተሩ የእንቅልፍ ሰዓትም ይጥፉ። ቶሎ የሚሞቀው እንደዚያ ነው። ወንበር ይዘህ ቁጭ በል። ሲጨልም የስልክ ባትሪውን ራሳቸው እንዲይዙት ስጣቸው። ዓይናቸው ያየውን ጽሑፍ «ሶፍትዌር ነው» ማለት ይከብዳቸዋል።

ቪዲዮውን ቤት ውስጥ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ አዘጋጅ፦ ከሲሪያሉ ጀምር፣ ወደ ደረሰኙ፣ ወደ ስክሪኑ፣ ሰዓት የሚያሳይ ነገር አጠገቡ ይኑር። ሙሉው ግማሽ ሰዓት ፋይሉን ካከበደው በታይምላፕስ ይቻላል፣ የመጨረሻውን ክፍል ግን በመደበኛ ፍጥነት ቅዳ።

መተው ግድ ከሆነ ያለ ርክክብ ወረቀት አትተው። ሞዴል፣ ሲሪያል፣ «ስክሪኑ ላይ ጭረትም ስንጥቅም የለም»፣ አዳፕተር 1፣ ኤችዲኤምአይ ኬብል 1፣ ማቆሚያ፣ ካርቶን፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። «ለቅያሬ የቀረበ» ተብሎ ይጻፍ፤ «ለጥገና» ከተባለ ቅያሬውን ራስህ እንደተውከው ይቆጠራል። ካርቶኑንና ስታይሮፎሙን አትጣል፣ ብዙ ሱቅ የመጀመሪያ ሰበቡ እሱ ነው።

ተተኪውም እዚያው ነጭ ስክሪን ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ አትውሰደው። አዲሱ ሲሪያልም ዋስትና ካርዱ ላይ ተጽፎ ይታተም፣ አለበለዚያ ካርዱ የሌላ ሞኒተር ነው።

---

ፒክስል_ቆጣሪ

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የኔ ስክሪን መሃሉ ላይ የማትጠፋ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ይህም ያስቀይራል?

---

ሶልደር_90

ፒክስል_ቆጣሪ፣ በአንዲት ነጥብ ብቻ አምራቹ አይቀይርልህም ብለህ ገምት። ቀይ ብቻ ከሆነች ንዑስ ፒክስል ናት፣ ማለትም አንድን ፒክስል ከሚሠሩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች አንዷ። ብዙ አምራቾች የተከተሉት የዓለም አቀፉ የስክሪን ደረጃ (አይኤስኦ 13406-2) ሁለተኛ ምድብ በየአንድ ሚሊዮን ፒክስል ሁልጊዜ የሚበሩ 2፣ ሁልጊዜ የጠቆሩ 2፣ ንዑስ ፒክስል 5 ድረስ ይፈቅድ ነበር። ፉል ኤችዲ 2 ሚሊዮን ከምናምን ፒክስል ስለሆነ እጥፍ አድርገው። ቀለም በፍጥነት የሚቀያይር ቪዲዮ ነጥቧ ላይ ለጥቂት ሰዓት ማጫወት አንዳንዴ ይለቅቃታል። በጣት መጫን ግን አልመክርም፣ ጎረቤቶቿን ትገድላለህ። የሱቁ ካርድ «አንድም ፒክስል» የሚል ከሆነ በሱ ጠይቅ።

ጥቁር_ስክሪን፣ «መብራት መታው» ካሉህ አዳፕተሩን ገልብጠህ አሳያቸው። አብዛኛው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ የኛ 220 ዝቅ ከፍ ማለት እዚያ ውስጥ ነው። የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ቅጽበታዊ ዝላይ ነው፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው አዳፕተሩን ነው፤ ሲመታውም ብዙውን ጊዜ ጨርሶ ይገድለዋል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ሠርቶ፣ በርዶ፣ እንደገና የሚሠራ ሞኒተር ያንን አይመስልም።

ለተተኪው ስታቢላይዘር መግዛት አያስፈልግህም፣ ለሞኒተር ብቻ ከሆነ ገንዘብህን ነው የምታባክነው። የሰርጅ (የዚያ ቅጽበታዊ ዝላይ) መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ይበቃል፣ ያውም የምድር ሽቦ ያለው ሶኬት ላይ። ምድር የሌለው ሶኬት ላይ መከላከያው ዝላዩን ወደ ምድር የሚያወርድበት መንገድ ስለሌለው ጥበቃው ጎዶሎ ነው። መብራት ሲሄድ ንቀለው፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ሰካው።