«አርባ ዓመት ተጉዘው መና ቀሩ» ፦ ሰው ራሱ መና ይቀራል ወይ?

የሰንበት መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስብከት ላይ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አልለቅ ብሎኛል። ሰባኪው ስለ እስራኤል የምድረ በዳ ጉዞ ሲያስተምር «ከግብፅ የወጡት ሰዎች አርባ ዓመት መና እየበሉ ተጉዘው መና ቀሩ» አለ። ሕዝቡ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን እዚያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ የማውቀው «ልፋቱ መና ቀረ»፣ «ድካማችን መና ሆነ» ሲባል ነው። መና የሚቀረው ልፋቱ ነው። ሰውየው ራሱ «መና ቀረ» ይባላል ወይ? ይህንኑ ታሪክ ለልጆች ላስተምር ስለሆነ አጣርቼ መናገር እፈልጋለሁ።

ዋድላ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ግን መጀመሪያ ሥሩን እንያዝ። «መና ቀረ» የመጣው ከሰማይ ከወረደው መና ነው። ዘጸአት 16ን አንብቢ። ሙሴ «ለነገ አታስቀሩ» አለ። አንዳንዶቹ አልሰሙም፣ አሳደሩት። ሲነጋ ተልቷል፣ ሸትቷል። ማለዳ ተነሥተው ለቅመው፣ በጎሞር ሰፍረው፣ ከድነው አስቀምጠው፣ መጨረሻ ላይ እጃቸው ላይ የቀረው ትል ነው። ልፋት ከንቱ ሲሆን «መና ቀረ» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። «አስቀሩ» እና «ቀረ» አንድ ግስ መሆናቸውን ደግሞ ልብ በሉ።

የዲማ ተማሪ፦
ዋድላ፣ ታሪኩ ያምራል፤ ግን ሥሩ እሱ አይደለም። ግሱ መነነ ነው። መነነ ናቀ፣ ጣለ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ117ኛው መዝሙር «እብን ዘመነንዋ ነደቅት» ይላል፤ ግንበኞች የናቋት ድንጋይ። ምኑን የተናቀ ነው። መናኝ ዓለምን ንቆ የወጣ ነው። አማርኛው ደግሞ መናኛ ዕቃ፣ መናኛ ጨርቅ ይላል። «መና ቀረ» ማለት የተናቀ፣ የተጣለ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የምግቡ ስም ከዕብራይስጥ ተነሥቶ በግሪክ በኩል የገባ ነው፤ በግዕዝ እንደ ግስ አይረባም። ሁለቱን ያገናኛቸው ፊደሉ ብቻ ነው።

ከሃይፋ፦
ስለ ዕብራይስጡ ከተነሣ እኔም ልግባ። እዚህ እስራኤል አገር ልጆቼ ኦሪቱን በዕብራይስጥ ነው የሚማሩት። ዘጸአት 16፥15 ላይ ሕዝቡ በረዶ የመሰለውን ነገር መሬት ላይ ሲያዩ «ማን ሁ» ተባባሉ ይላል። «ይህ ምንድን ነው?» እንደማለት ነው። ስሙም ከዚያ «ማን» ሆኖ ቀረ። የሚገርመው ግን በዕብራይስጥ «ምን» ለማለት የተለመደው «ማ» ነው። ዛሬም መንገድ ላይ «ማ ዜ?» ነው የምንለው። «ማን» የሚለው ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱም ብዙ ተከራክረውበታል። በአራማይክ «ማን» ልክ እንደ አማርኛችን ማን ነው።

አሁን የኔን ሐሳብ ስሙኝ። መና ማለት ከመነሻው «ምን?» ነው። አማርኛችን ደግሞ ምን፣ ምንም፣ ምናምን፣ ምናምንቴ ይላል። «መና ቀረ» ማለት «ምንም ሆኖ ቀረ» ነው። ሥሩ አንድ ነው።

የዲማ ተማሪ፦
በግዕዝ ምን «ምንት» ነው፣ ማን ደግሞ «መኑ» ነው። ስለዚህ «ማን ሁ» ለግዕዝ ጆሮ «ማን ነው?» ነው የሚመስለው። ምንት ላይ ተነሥቶ ምናምን እስከሚባል ድረስ እስማማለሁ። ከዚያ «መና ቀረ» ላይ ለመድረስ ግን ዝላዩ ይበዛብኛል።

መሪጌታ ከደብረ ታቦር፦
ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን መናገር አለብኝ። በየሳምንቱ በውዳሴ ማርያም ዘእሑድ «እንተ ውስቴታ መና ኅቡእ»፣ በውስጧ የተሰወረ መና ያለባት፣ እያልን እመቤታችንን የወርቅ መሶብ እንላታለን። መናው ክርስቶስ ነው። ይህን ስም ከከንቱ ጋር ማዛመድ የጉባኤ ቤት ሰው የሚደፍረው ነገር አይደለም።

ዋድላ ትሉን አነሣ። ምዕራፉን ግን እስከ መጨረሻው እናንብ። በስድስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጎሞር ለቀሙ። ለሰንበት ያሳደሩት አልሸተተም፣ አልተላም። አንድ ጎሞር ደግሞ በማሰሮ ተደርጎ በእግዚአብሔር ፊት ለልጅ ልጅ እንዲጠበቅ ታዘዘ። እሱም አልተላም። የተላው ትእዛዝ ተጥሶ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ትሉ የመናው ጠባይ አይደለም።

ንባቡም ይለያል። ምግቡ ጠብቆ ይነበባል፤ «መና ቀረ» ላልቶ ይነገራል። ፊደሉ ማጥበቂያ ስለሌለው ነው ያሳሳታችሁ።

ዋድላ፦
የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኛ አገር ሁለቱም ላልቶ ነው የሚነገረው። አያቴ ስለ ሰማዩም ስትተርክ፣ ስለ ከንቱውም ስትናገር አንድ አድርጋ ነበር የምትለው።

መናውን ስለ ማቃለል ከሆነ ደግሞ ያቃለልኩት እኔ አይደለሁም፤ መጀመሪያ ያቃለሉት የበሉት ራሳቸው ናቸው። ዘኁልቁ 11 ላይ የግብፁን ዓሣ፣ ዱባውን፣ ቀይ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን እያሰቡ «ዓይናችን ከዚህ መና በቀር ምንም አያይም» ብለው አለቀሱ። በምዕራፍ 21 ደግሞ «ቀላል እንጀራ» ብለው ተጸየፉት። የሰባው ሊቃናት የግሪኩ ትርጉም እዚያ ቦታ ላይ «ባዶ እንጀራ» ነው የሚለው። መናን ባዶ ያሉት እነሱ ናቸው። የኛ አማርኛ ቢከተላቸው ምን ያስገርማል?

የዲማ ተማሪ፦
ይህማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ናቁት፤ በግዕዙ መነኑት። የላላውም ነገር ያግዘኛል። መናኛ ስንል «ና» ላልቶ ነው። «መና ቀረ» ላልቶ ከሆነ ቤተ ዘመዱ መናኛ ነው፣ የኔታ እንዳሉት ከምግቡ ይለያል።

አራት ኪሎ፦
ሁላችሁም «መና» ላይ ተረባርባችሁ «ቀረ»ን ረሳችሁት። ቀረ ማለት «ሳይመጣ ቀረ» ማለትም ነው። ዛሬ ከሥራ ቀረ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ እንላለን። በሰባተኛው ቀን አንዳንዶቹ ትእዛዙን ትተው ሊለቅሙ ወጡ፣ ምንም አላገኙም። መና ቀረ! ዕቃ ይዞ ወጥቶ ባዶውን መመለስ ማለት ነው። ኢያሱ 5፥12ም አለላችሁ። ጌልገላ ሰፍረው፣ ፋሲካ አክብረው፣ የከነዓንን እህል በበሉ ማግሥት መናው መቅረቱ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ አልወረደም። አባባሉ ቀጥታ ከዚህ ነው የወጣው ባይ ነኝ።

ዋድላ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ደስ የሚል አነጋገር ነው።

የዲማ ተማሪ፦
ደስ ይላል፤ ሰዋስዉ ግን አይሸከመውም። «ልፋቱ መና ቀረ» ስንል ባለቤቱ ማነው? ልፋቱ ነው። መናው ባለቤት ቢሆን «መና ቀረበት» ወይም «መና ቀረበን» እንል ነበር። ሰባኪው ያለውን ደግሞ ተመልከቱ፤ «መና ቀሩ» ነው ያለው፣ ግሱ ብዙ ነው። ስለዚህ የቀሩት ሰዎቹ ናቸው እንጂ መናው አይደለም። «ሜዳ ቀሩ» ስንል ሜዳው ቀረ ማለታችን አይደለም። «ጦሙን አደረ» ሲባልም ያደረው ጦሙ አይደለም። «መና» እዚህ የሚነግረን የቀሩበትን ሁኔታ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም።

አራት ኪሎ፦
«ሜዳ ቀሩ» ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን «ሜዳ ላይ ቀሩ» ከሚለው ያጠረ ነው። «መና ቀሩ»ስ ከምን አጠረ? «መና ላይ ቀሩ» ልትለኝ ነው? ወይስ «መና ሆነው ቀሩ»? «ሆነው» ካልክ ሰው መና ሊሆን ነው፤ ወደ እህታችን ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው።

የሰንበት መምህርት፦
እግዜር ይስጥልን፤ ወደ ጥያቄዬ ስለመለስከኝ። ሰው መና ይቀራል ወይ? ደግሞስ ስለነዚያ ሰዎች እንዲህ ማለት እውነት ነው?

መሪጌታ ከደብረ ታቦር፦
ልጄ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እስቲ በኦሪቱ እንየው።

በሲና ምድረ በዳ ሲቆጠሩ ከሃያ ዓመት በላይ ያሉት ለጦርነት የሚወጡ ወንዶች 603,550 ነበሩ፤ ሌዋውያን ሳይጨመሩ። ሰላዮቹ ምድሪቱን አይተው ተመልሰው ሕዝቡን ካስፈሩት በኋላ ከካሌብና ከኢያሱ በቀር ያ ትውልድ በምድረ በዳ እንዲያልቅ ተፈረደ። በሞዓብ ሜዳ እንደገና ሲቆጠሩ 601,730 ሆኑ። ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው። አባቶች ወደቁ፣ ልጆች በቦታቸው ቆሙ። አሁን እነዚያ አባቶች መና ቀሩ እንበል?

ከዚያው ቆጠራ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ተመልከቺ። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች፣ አምስት እኅትማማቾች፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆሙ። «አባታችን በምድረ በዳ ሞተ፤ ወንድ ልጅም አልነበረውም። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ስሙ ከወገኑ ለምን ይጠፋል? በአባታችን ወንድሞች መካከል ርስት ስጡን» አሉ። ሙሴ ራሱ አልፈረደም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም «እውነት ተናገሩ» ብሎ ፈረደላቸው። ከዚያም ለሁሉ የሚሆን ሕግ ወጣ፤ ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ቢሞት ርስቱ ለሴት ልጁ ትተላለፍ። በኢያሱ ዘመን ርስታቸውን ተቀብለዋል።

ሰለጰዓድ አርባውን ዓመት ከተጓዙት አንዱ ነው። ምድሪቱን አላያትም። ስሙ ግን በርስቱ ላይ ጸና። ይህን ሰው መና ቀረ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

ደግሞስ ሙሴ? በመቶ ሃያ ዓመቱ ናባው ተራራ ላይ ወጥቶ ምድሪቱን በዓይኑ ብቻ አየ። አልገባም። ሙሴ መና ቀረ ብሎ የሚሰብክ አለ?

ዋድላ፦
የኔታ፣ እንዲህ ሲነገር ይጥማል። ከእርስዎ ጋር አንድ ነጥብ ላይ እስማማለሁ፤ ሴት አያቴ ዘር ሳይተካ የሞተ ዘመዳችንን «መና ቀረ» ትለው ነበር። ስለዚህ ሰው መና ይቀራል፤ የሚባለው ግን ስሙን የሚያስጠራ ሲያጣ ነው። የሰለጰዓድ ልጆች የተከራከሩት ይህ እንዳይሆን ነው።

ከሃይፋ፦
እኛ ጋ ሽማግሌዎቹ ስለ በረሃው ትውልድ ሲያወሩ አዝነው እንጂ ንቀው አይናገሩም። ብዙዎቻችን ወደዚህ በሱዳን በኩል በእግር ስንመጣ መንገድ ላይ የቀሩብን ሰዎች አሉ። ስለ እነሱ «መና ቀሩ» ሲባል ብሰማ ከባድ ነው የሚሆንብኝ። ሰዋስዉ ትክክል ቢሆንም እኔ አልናገረውም።

የዲማ ተማሪ፦
ነፍስ ይማር። አንቺ ያልሽው ልብ የሚነካ ነው። ሰዋስዉን በተመለከተ ግን ቃሌን አልለውጥም፤ ሰው «መና ቀረ» መባሉ በአማርኛ ይሄዳል፤ ሥሩም መነነ ነው።

መሪጌታ ከደብረ ታቦር፦
ሥሩ መነነ ከሆነ መነነ ጠብቆ ይረባል። መና ለምን ላላ? ይህን መልስልኝ።

የሰንበት መምህርት፦
የኔታ፣ የሰለጰዓድን ልጆች ታሪክ ለልጆቹ አስተምራቸዋለሁ። ሴቶቹ ልጆች በተለይ ይወዱታል። ሰባኪው ሰዎቹን «መና ቀሩ» ማለቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን አሁንም አልገባኝም፤ አንዱ ይሄዳል ይላል፣ አንዱ አይሄድም ይላል።

የዲማ ተማሪ፦
ቆይ እህቴ፣ እመለስበታለሁ። የኔታ፣ ስለ መላላቱ፦ መናኛም ከዚያው ከመነነ ወጥቶ ላልቷል። አማርኛ ከግዕዝ ሲወስድ ጠባቂውን ሲያላላ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አራት ኪሎ፦
መናኛ ከመነነ መውጣቱን ማን አረጋገጠ? እሱም ከምናምን ቢሆንስ?